ጣት፣ ጉሮሮና እግር በክርስቲያን ትምህርት ቤት
ከግራና የተነሣ ዳሰሳ

ፈተና ሲቃረብ ከክፍለ ጊዜ ድልድሉ መጀመሪያ የሚሰረዘው ሥዕል ነው፤ ሙዚቃ ይከተለዋል። ሰውነት ማጎልመሻ ትንሽ ይሰነብታል፤ ልጆቹ ሜዳ ላይ ኳስ ሲራገጡ መምህሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውጤት ለመሙላት ይመቸዋልና። ልማዱ በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት ያለ ነው። በክርስቲያን ትምህርት ቤት ግን አንድ ነገር ይደረብበታል፤ እዚያ ከፈተናው በላይ ነፍስ አለች። ለነፍስ ተብሎ የተከፈተ ቤት ለጣት፣ ለጉሮሮና ለእግር ምን ያህል ጊዜ ይስጥ? አንዳንዱ ጥቂቱም ይበዛል ይላል። ሌላው የፈጣሪ ስጦታ ስለሆነ እኩል ይሰጥ ይላል። ብዙው ወላጅ ደግሞ ጥያቄውን ሳያነሣ ልጁን ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይልካል።

ጥያቄውን ከግራና ተነሥቼ ላየው ወደድሁ። ግራና በሰሜን ወሎ፣ በሐብሩ ወረዳ፣ ከመርሳ ብዙም ሳትርቅ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። በሩቅ ላለ ሰው ስሟ የሚደርሰው በቆቦ ግራና ሸለቆ የመስኖ ልማት እንጂ በትምህርት አይደለም። የመረጥኋትም ለዚሁ ነው። ስለ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የሚጻፈውና የሚወራው አብዛኛው ነገር የአዲስ አበባን ትልልቅ ትምህርት ቤቶች የሚያስብ ነው፤ ፒያኖ ይገዛ ወይስ አይገዛ፣ የቅርጫት ኳስ ሜዳው ሲሚንቶ ይሁን ወይስ ሌላ። በግራና፣ በመርሳ፣ በውርጌሳ ወይም በሲሪንቃ ላለ ወላጅ ይህ የሌላ አገር ወሬ ነው። የእሱ ልጅ በሥራ ቀን የመንግሥት ትምህርት ቤት ይውላል፤ ማታ ማታና በሰንበት ደግሞ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ይገኛል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ክርስቲያናዊ ትምህርት ማለት ያ ግቢ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ መንገድ እንዳይስት ሦስት ዓይነት ቤት ለይተን እንያዝ። አንደኛው የአብነት ትምህርት ቤት ነው፤ ከፊደልና ከዳዊት ጀምሮ እስከ ዜማ፣ ቅኔ፣ አቋቋምና መጻሕፍት የሚዘልቀው። ሁለተኛው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ወንድም ሴትም በአንድነት የሚዘምሩበት። ሦስተኛው አብያተ ክርስቲያናት የከፈቱት መደበኛ ትምህርት ቤት ነው፤ እንደ አዲስ አበባው የላሳል ወንድሞች ቅዱስ ዮሴፍ፣ ወይም ሜኖናውያን በናዝሬት ከፍተውት በደርግ ዘመን እንደተወረሰው የመጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ። ሦስቱም ክርስቲያን ትምህርት ቤት ይባላሉ። የሚጎድላቸው ነገር ግን አንድ አይደለም።

ከሙዚቃ ልጀምር፤ እዚህ ላይ ሀብታሞች ነን። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሙዚቃ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ ብሎ የሚከራከር ሰው ድጓ ቤት ደጃፍ የደረሰ አይመስለኝም። በስድስተኛው መቶ ዘመን ነበረ የሚባለው ቅዱስ ያሬድ ያቆመው ሥርዓት ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ ሦስት ስልቶች የተደራጀ ነው። ተማሪው ውዳሴ ማርያሙን በዜማ ይዞ ይነሣል፤ ጾመ ድጓውን፣ ምዕራፉን፣ ከዚያ ድጓውን ይከታተላል። ዝማሬ መዋሥዕት ሌላ ዓመታት ይፈልጋል። በምስክር ቤቶቹ፣ ድጓውን በቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አምባ፣ ካላስመሰከረ የልብ አይደርስለትም። ምልክቶቹ፣ ማለትም ይዘት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክና የቀሩት፣ ከፊደሉ አናት ላይ በጥቃቅን ይጻፋሉ። ሊቃውንቱ ይህን ሥራ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣሉ፤ ዘመኑ ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ. መሆኑ ነው። የሰሜን ወሎ ገበሬ ልጅ ፒያኖ በዓይኑ ሳያይ በምልክት የተጻፈ ዜማ አንብቦ ማዜም ይችላል። ይህን የሚችል ስንት የከተማ ተማሪ አለ?

የማስተማሪያው መንገድም ሊጠና የሚገባው ነው። ብዙው ትምህርት በቃል ነው፤ የቃል ትምህርት ማታ በጨለማ ይጠናል፤ ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስቀጽላል፤ መሪጌታው ዐሥር ተማሪ በዐሥር ልዩ ልዩ ቦታ ላይ እያለ የእያንዳንዱን ስሕተት በጆሮው ብቻ ይለቅማል። በአውሮፓ ይህን የሚመስል ነገር የሚፈልግ ሰው ወደ ላይፕዚግ ይሂድ፤ ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ ከ1723 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በ1750 እስኪሞት ድረስ የቅዱስ ቶማስ ትምህርት ቤት የዜማ መምህር ነበር። የከተማዋን አብያተ ክርስቲያናት የሚያገለግሉ ልጆችን ማዜም ማስተማር የቀን ተቀን ግዴታው ነበር። ሉተራውያኑ ሙዚቃን ከሃይማኖት ትምህርት ጎን ያስቀመጡት ምእመኑ ሁሉ እንዲዘምር ብለው ነው። የእኛዎቹ ሊቃውንት ግን ዜማውን ለሊቅነት አደረጉት። የኛ ሥርዓት ጥልቀቱም ጉድለቱም ከዚህ ይመጣል፤ ጥቂቱ ሰው እጅግ ብዙ ያውቃል፣ ብዙው ሰው ቆሞ ይሰማል።

ፈጠራ የለበትም፣ ሁሉም ሽምደዳ ነው የሚል ክስ አለ። ድጓ ቤት ላይ ብቻ ከቆምን ክሱ ጥቂት እውነት አለው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰሜን ወሎ ይህን ለማወቅ ከማንም የቀረበ ነው፤ በቅኔው ዓለም ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር የሚጠራው ዋድላ እዚሁ ዞን ውስጥ ነውና። ጀማሪው ከጉባኤ ቃና ይነሣል። ቀን ከዛፍ ሥር፣ ከገደል አፋፍ ብቻውን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ይታረማል፣ አንዳንዴም ይሳቅበታል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይደገምም፤ በየበዓሉ አዲስ መሆን አለበት፤ የሚቀርበውም በዜማ ነው። ዛሬ የትምህርት ባለሙያዎች የፈጠራ ችሎታ እያሉ በየሥልጠናው የሚሰብኩትን ነገር ደበሎ ለባሹ ተማሪ ቁራሽ እየለመነ ሲሠራው ኖሯል። ጎጃም ውስጥ ጽላሎ ላይ ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ማስተማራቸው ደግሞ ይህ ጥበብ የወንድ ብቻ ነው ለሚለው በቂ መልስ ነው። ችግሩ እንደ እሳቸው ያሉትን ለመቁጠር የአንድ እጅ ጣት የሚበቃ መሆኑ ነው።

አቋቋም ላይ ስንደርስ ሙዚቃና ሰውነት ማጎልመሻ አንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ። ትውፊቱ ራሱ ከእግር ይጀምራል፤ ያሬድ ሲያዜም ንጉሡ አፄ ገብረ መስቀል የተመረኮዘበት ጦር የያሬድን እግር ወጋው፣ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው አላወቁም ይባላል። አቋቋም የሚማር ሰው መጀመሪያ በመቋሚያ ዝማሜውን ይለምዳል፤ ጸናጽሉ ይከተላል፤ ከበሮው ሲገባ መረግዱ፣ ጽፋቱ፣ ወረቡ ይመጣል፤ ከዝግታ ወደ ፍጥነት ይወጣል። ሁለት ረድፍ ሊቃውንት ፊት ለፊት ቆመው እኩል ወደ ጎን ሲያዘነብሉ፣ እኩል ሲመለሱ፣ እኩል ሲቀመጡና ሲነሡ ያየ ሰው ይህ ያለ ረጅም የሰውነት ሥልጠና እንደማይመጣ ይገባዋል። በገና ዕለት ላሊበላ ቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ሆነው የሚወርቡት ካህናት ሌሊቱን ቆመው ያደሩ ናቸው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር አብሮ የተመዘገበው አንዱ ነገር ይህ በእግር የሚዜም ዜማ ነው ብል አላጋንንም።

ግን እዚህ ላይ ማሞካሸቱን ማቆም ያስፈልጋል። አቋቋም ትዕግሥትን፣ ሚዛንንና ኅብረትን ያስተምራል፤ ሳንባን አያሰፋም፣ የዐሥር ዓመት ልጅንም አያስሮጥም። የቆሎ ተማሪው ሰውነት የሚጠነክረው በረኃብ፣ በብርድና በውሻ እየተፈተነ ነው፤ ይህን ሰውነት ማጎልመሻ ብሎ ማወደስ ግፍ ነው። ስለ አብነት ትምህርት ሲጻፍ ይህ ችጋር እንደ ጌጥ የሚቀርብበት ልማድ ያናድደኛል። ልጁ በልቶ ቢማር ድጓው አይቀንስም።

አሁን ወደ ሥዕል። ከሦስቱ በጣም የተጎዳው እሱ ነው፤ ነገሩ ደግሞ የሚያስገርም ነው፤ አገሩ በሥዕል የተከበበ ነውና። ከመርሳ በደሴ መንገድ ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ሐይቅ እስጢፋኖስን ያገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ገዳሙን ትልቅ ትምህርት ቤት አደረጉት፤ በስማቸው የሚጠራው ወንጌል ከ1280/81 እ.ኤ.አ. የሚቆጠር ሲሆን የራሳቸው ሥዕል አለበት። ወደ ላስታ የወጣ ሰው ደግሞ ገነተ ማርያምን ያያል፤ ግድግዳዋ በዚያው መቶ ዘመን የተሣለ ነው። ማለትም አንድ የግራና ልጅ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የሆናቸውን የአገሩን ሥዕሎች ለማየት በደቡብም በምዕራብም ከወሎ ምድር መውጣት አያስፈልገውም።

ሆኖም በአብነት ትምህርት መሰላል ላይ ሥዕል የራሱ ወንበር የለውም። የድጓ መምህር አለ፤ የቅኔ መምህር አለ፤ የአቋቋም መምህር አለ። ሥዕል ግን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከባለ ሙያ ወደ ረዳት የሚተላለፍ የእጅ ሥራ ሆኖ ቀረ። ብራና የሚፍቀው፣ ቀለም የሚበጠብጠው፣ በመጽሐፉ ራስጌ ሐረግ የሚጥለው ሰው ሊቅ ሊባል የሚችለው በሌላ ትምህርቱ እንጂ በሥዕሉ አይደለም። ሥርዓቱን ግን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጻድቁ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ያያል፣ ክፉው በአንድ ዓይን በጎን ይሣላል። ይህ የሥዕል ሰዋስው ነው፤ በሰሌዳ ላይ የሚያስተምረው አጣ እንጂ። ውጤቱን በየአጥቢያው እናየዋለን። ከውጭ የመጣ የታተመ ሥዕል በርካሽ ተገዝቶ ይሰቀላል፤ ነባሩ ሥዕል ሲያረጅ ወይ ይቀባበታል ወይ ይወርዳል። ዛሬ ደግሞ በኮምፒውተር ተቀናብሮ በፕላስቲክ ላይ የታተመ ባነር መጥቷል። አንድ ልጅ በየሳምንቱ የሚያየው ቅዱስ ሥዕል ማን እንደሠራው፣ በምን እንደተሠራ የማያውቅ ከሆነ እሱም እሠራለሁ ብሎ አያስብም።

ይህን ክፍተት የሞላው ዓለማዊው ትምህርት ነው፤ የሞላው ሰው ግን ከቤተ ክርስቲያን የመጣ ነበር። አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ ቺካጎ ተምሮ ተመልሶ፣ በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን መሠረተ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ራሱም አብያተ ክርስቲያናትን መሣሉን አልተወም። በሙዚቃውም በኩል ብሔራዊው ትምህርት ቤት የተሰየመው በያሬድ ነው፤ በገና ደርዳሪው ዓለሙ አጋ እዚያ በገና አስተምሯል። ስለዚህ በኛ አገር ዓለማዊውና መንፈሳዊው ጥበብ የተለያዩት በወሬ እንጂ በሰዎቹ ሕይወት አይደለም።

በሰውነት ማጎልመሻ ታሪኩ አጭር ነው፤ ክርስቲያናዊነቱ ግን የሚረሳ ነው። በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራን ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ፤ ከቋንቋውና ከሒሳቡ ጎን የሰውነት ልምምድ ነበረበት። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከነጻነት በኋላ የካናዳ ኢየሱሳውያን እንዲያስተዳድሩት ተደረገ፤ የመጡትም ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተነግሯቸው፣ የካህን ልብሳቸውን አውልቀው ነው። ኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከ1972 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. የመራው ይድነቃቸው ተሰማ የዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። የወጣበት ክለብ ስም ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ! ክለቡ ራሱ የሰማዕት ስም ይዞ ነው በአራዳ የተመሠረተው።

ከዚህ ሌላ ወወክማ አለ፤ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር። በንጉሡ ዘመን ስንት ወጣት ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ የተማረው በዚህ ማኅበር ግቢ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ሁለቱም ጨዋታዎች የተፈለሰፉት በዚያው ማኅበር ውስጥ መሆኑ ነው። ጄምስ ናይስሚዝ ቅርጫት ኳስን በ1891 እ.ኤ.አ. በስፕሪንግፊልድ፣ ዊሊያም ሞርጋን መረብ ኳስን በ1895 በሆልዮክ፣ ሁለቱም በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ በማኅበሩ ቤት ውስጥ አወጧቸው። በመርሳ ትምህርት ቤት ግቢ በሁለት እንጨት መካከል መረብ የወጠረ ልጅ ሳያውቀው የክርስቲያን ማኅበር ጨዋታ እየተጫወተ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሰውነት ልምምድ የጻፈውን እያነሡ ስፖርትን የሚያቃልሉ መምህራን አሉ። እነዚሁ መምህራን ግን ጳውሎስ ራሱ ሩጫን፣ ትግልንና አክሊልን ለክርስትና ሕይወት ምሳሌ አድርጎ ደጋግሞ እንዳመጣ ያውቃሉ። በ2004 ዓ.ም. መሠረት ደፋር ለንደን ላይ የ5,000 ሜትሩን ካሸነፈች በኋላ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ስታሳይ ያለቀሰው ሕዝብ ይህን ክርክር በልቡ ዘግቶታል። የሚቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን፣ ጾሙን የያዘ ልጅ በቀትር እንዲሮጥ ማድረግ በግራና ቆላ ጭካኔ ነው። ክፍለ ጊዜውን ወደ ማለዳ ማምጣት፣ በጾም ወራት ሩጫውን ቀንሶ ማፍታታትን፣ ሚዛንንና የኳስ ቅብብልን ማብዛት ወጪ የለውም። የሙዚቃውም የቀን መቁጠሪያ እንዲሁ ነው፤ በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ ያ ወቅት ለድምፅ ብቻ፣ ለበገናም ይመቻል።

ደግሞስ አካባቢው የራሱ ጨዋታ የለውም? በገና ዕለት ሩሩን በጠማማ ዱላ እየመቱ መስክ ለመስክ የሚያሯሩጡት ጨዋታ ሰፊ ሜዳ ብቻ ይፈልጋል፤ በዚያ ቀን ጌታም ቢመታ አይቆጣም። በቡሄ ጅራፍ ማጮህ የትከሻና የወገብ ሥራ ነው። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል የሚሉት የልጃገረዶች ጭፈራ ዜማም፣ ግጥምም፣ እንቅስቃሴም፣ ጌጥም በአንድ ነው። ለሴቶች ልጆች ከዚህ የተሻለ መነሻ አላይም። በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሜዳውን ወንዶች ይይዙታል፤ ሴቶቹ ዳር ቁመው ቦርሳ ይጠብቃሉ። ይህ የየትምህርት ቤቱ የዕለት ነውር ነው።

ከወልድያ ከተማ ዳር ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ ስታዲየም ቆሟል፤ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። እኔ አልነቅፈውም፤ ለከተማው ኩራት ነው። ነገር ግን በዚያው ዞን የጨርቅ ኳስ የሚራገጡ ልጆች ያሉባቸው ትምህርት ቤቶች እያሉ ስፖርትን በስታዲየም መለካት አይቻልም።

አስቸጋሪው ክርክር የዘፈን ነገር ነው። ለገላትያ ሰዎች የተጻፈው መልእክት በአማርኛው ዘፋኝነትን ከሥጋ ሥራዎች ይቆጥራል፤ ስለዚህ ልጁ ክፍል ውስጥ ክራር እንዲማር የማይፈቅድ ወላጅ በኦርቶዶክሱም በወንጌላዊውም ወገን አለ። በወንጌላውያን ዘንድ ጊታርና አኮርዲዮን ጸሎት ቤት ሲገቡ የተነሣው ጭቅጭቅ ዛሬ ተረስቷል፤ እንዲያውም መካነ ኢየሱስ በአዲስ አበባ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አላት። በኦርቶዶክሱ ወገን የኪቦርድ ነገር ገና አልበረደም፤ ብዙ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ወደ በገና፣ ወደ መሰንቆና ወደ ከበሮ ተመልሰዋል፤ መመለሳቸውም ደግ ነው። ወሎ ውስጥ ግን ጥያቄው ይጠነክራል። የአገራችን ቅኝቶች ተብለው ከሚታወቁት አራቱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። የወሎ ልጅ እነዚህን ከሠርግ ቤት በጆሮው ይዟቸው ይመጣል። መምህሩ «እነዚህ የዘፈን ናቸው» ብሎ ቢያልፋቸው ልጁ የሚያውቀውን ጥሎ የማያውቀውን እንዲማር ማስገደድ ነው። ግጥሙን መምረጥ የትምህርት ቤቱ መብት ነው፤ ቅኝቱ ግን ኃጢአት የለበትም።

ለዚህ ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ፤ ካይሮ ላይ ቀጠሉ፤ ከዚያ ሁሉን ትተው መነኮሱና ዐሥር ዓመት ያህል በግሸን ማርያም፣ በአምባሰል ተራራ ላይ፣ በባዶ እግራቸው ኖሩ። ሲመለሱ ፒያኖውን አልጣሉም። እንዲያውም የሥራቸው ገቢ ለችግረኛ ልጆች እንዲውል አደረጉ። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ እስካረፉ ድረስ ምንኩስናቸውና ሙዚቃቸው አልተጣሉም። ግሸን ከግራና ጋር በዚያው በወሎ ምድር ናት፤ የክርስቲያን ትምህርት ቤቶቹ ልጆች የእማሆይን ስም ያውቁ ይሆን?

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ሐብሩ የየጁ አገር ነው፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ሠርግ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ይኖራል። እዚያው የጁ ውስጥ ዳና የታወቀ የእስልምና ትምህርትና የመንዙማ ቦታ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ ስለዚህ ከላይ ያልሁት ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አምልኮ ይግባ ማለት አይደለም። አንድ የቤተ ክርስቲያን መደበኛ ትምህርት ቤት እዚህ ቢከፈት ግን ከተማሪዎቹ መካከል ሙስሊሞች መኖራቸው አይቀርም። ለእነሱ ወረብ ማስገደድ ስሕተት ነው፤ የከበሮን ምት፣ የቅኝትን ልዩነት፣ የብራናን ሥራ እንደ አገር ቅርስ ማስተማር ግን ማንንም አይነካም። ራሷን የሸፈነች ልጅ ሜዳ እንዳትገባ የሚከለክል ካለም የዓለም ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ራሱ ክልከላውን በ2017 እ.ኤ.አ. እንዳነሣ ይወቅ።

ሥርዓተ ትምህርቱ ምን ይላል? ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሦስቱም በአንድ መጽሐፍ ታጭቀው ሥነ ውበትና ሰውነት ማጎልመሻ ተብለው ይሰጡ ነበር። አንድ መምህር ሥዕልም፣ ዜማም፣ ሩጫም እንዲችል ይጠበቅ ነበር፤ ሁሉን የሚችል ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ሩጫው ብቻ ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የክወናና እይታዊ ጥበባትን ከጤናና ሰውነት ማጎልመሻ ለይቷል፤ ጥሩ እርምጃ ነው። ነገር ግን በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ሥዕልም ሙዚቃም ስፖርትም የሉም፤ ፈተና የማይጠይቀውን ደግሞ ርእሰ መምህር አይጠይቅም። በዚያ ላይ ጦርነት መጣ። ወልድያና አካባቢዋ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ የተዘረፉ ትምህርት ቤቶች ወንበርና ሰሌዳ ሳያሟሉ በ2015 ማብቂያ ሌላ ግጭት ክልሉን ያዘው፤ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ብሩሽና ስለ ኳስ ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። ብዙ ያየና የሰማ ልጅ ክፍል ገብቶ መጀመሪያ ማድረግ የሚችለው ነገር መሣል፣ ማዜምና መጫወት ነው፤ አልጀብራው ይደርሳል።

ፍርዴን ልናገር። አብነት ትምህርት ቤቱ ሙዚቃ አይጎድለውም፤ የሚጎድሉት ምግብ፣ ሥዕልና ሴት ልጅ ናቸው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሴት ልጆች አሉት፣ ዝማሬም አለው፤ ሜዳና ብሩሽ የለውም። በሦስተኛው ቤት ፈንታ የግራና ልጅ የሚውልበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ሜዳ አለው፣ መጽሐፍም ደርሶታል፤ በጥበቡ የሠለጠነ ሰው የለውም፤ የወልድያ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ የሚያወጣቸው ለሁሉም አይዳረሱም። ሦስቱ የሚገኙት በአንድ ቀበሌ ውስጥ ነው። አንዱ ያለውን ለሌላው ቢያበድር ግማሹ ችግር ያለ በጀት ይቃለላል፤ መሪጌታው ስለ ዜማ ምልክቶች ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች እንደ እንግዳ መምህር ቢያስረዳ፣ የስፖርት መምህሩ ቅዳሜ ማለዳ የቆሎ ተማሪዎቹን ቢያፍታታ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሥል ሠዓሊ ሲመጣ ልጆቹ ቀለም ሲበጠብጥ ቁመው እንዲያዩ ቢፈቀድላቸው።

ስለዚህ ቃሌ ለየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤና ለሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ነው። ክረምት ሲገባ ልጆቹ ከትምህርት ያርፋሉ፤ ግቢያችሁ ይሞላል። በክረምቱ መርሐ ግብር ላይ ከመዝሙሩ ቀጥሎ በሳምንት አንድ የሥዕል ሰዓትና አንድ የጨዋታ ማለዳ ጻፉ፤ ለቀጣዩ ቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ባነር ከማሳተማችሁ በፊት በአካባቢያችሁ ሠዓሊ መኖሩን ጠይቁ።